ሰንጣቂው፣ ክፍል ሁለት

ሶዶ፣ ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተወደድከው ለአክስቴ ልጅ ለታምራት፤

እኛን ከዳሞታ ተራራ ሥር በሰላም ያነጋልን ጌታ አንተንም በሰው አገር በክንፉ ይጋርድህ። አባቴ ከወገቡ በቀር ደህና ነው። እናትህም ጤነኛ ናት። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ ዳታ አዘጋጅታ በጠርሙስ አድርጋ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው እየጠበቀች ነው። ስልክ ላይ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለህ ትዘጋለህ፤ እሷም አንተ ስትደውል ጎረቤቱን ሁሉ ትጠራለች። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ልምጣብህ ብዬ ነው።

የእኔን ነገር ጠይቀህ ነበር። ዲግሪዬ በፍሬም ሆኖ ሳሎን ተሰቅሏል፤ እኔም እንደሱ። ከተመረቅሁ ዓመት አለፈኝ። ጠዋት ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳ አነባለሁ። ሁሉም ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል፤ ልምድ የሚሰጥ ሰሌዳ ግን አላየሁም። ቀበሌ ስሄድ "ተደራጅ" ይሉኛል። "ከማን ጋር?" ስል "ከመሰሎችህ" ይሉኛል። መሰሎቼ ደግሞ ሰሌዳው ሥር ናቸው። ባለፈው ጉኑኖ ክፍት የሥራ ቦታ አለ ተብሎ ጭቃውን እያቦካሁ ሄድኩ። ለካ ማስታወቂያው የአምና ነው፤ የሚያወርደው ሰው ጠፍቶ ነው።

እሑድ እሑድ አሁንም ቤተ ክርስቲያን አስተረጉማለሁ። ሰባኪው በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ጎኑ ቆሜ በወላይትኛ እከተላለሁ። እሱ "እኔ ኃጢአተኛ ነበርኩ" ካለ እኔም "እኔ ኃጢአተኛ ነበርኩ" እላለሁ። አንተ ከኋላ ወንበር ሆነህ "ኤልሳዕ ዛሬም ተናዘዘ" ስትል የሳቅህ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሰንጣቂው ፊልም ሁለተኛ ክፍል ወጥቷል አሉ። ተድላ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ "በቅርብ ቀን" ብሎ በጠመኔ ጽፎ ሕዝቡን ያስጎመጃል፤ እጁ ላይ ግን ምንም የለም። የመጀመሪያውን ከመዘምራን ልምምድ ጠፍተን ያየን ቀን ትዝ ይልሃል? ሰውዬው ባንኩን፣ እስር ቤቱን፣ ተራራውን እንደ ውኃ እየሰነጠቀ ሲያልፍ አንተ ከአግዳሚው ተነሥተህ "ኬላውንስ?" አልክ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ አንተው ራስህ ኬላውን ሁሉ ሰንጥቀህ ሄድክ። የሰፈር ልጆች ዛሬም ስምህን አይጠሩም፣ ሰንጣቂው ነው የሚሉህ። ሱቅህ ደጅ ከማቀዝቀዣው ጎን የቆምክበትን ፎቶ እናትህ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅላዋለች። እንግዳ ሳይቀመጥ እሱን ያያል፣ እሷም እንግዳው አይቶ እስኪጨርስ ወንበር አትሰጥም።

እና ዲስኩን እዚያ መንገድ ላይ ይሸጡታል ይባላልና ላክልኝ። ከተድላ ጋር ለሕዝቡ በወላይትኛ እንዳስተረጉም ተስማምተናል። ለሰንጣቂው ያለኝን ፍቅር ታውቃለህ፤ የዚህ አገር ወጣት ሌላ ጀግና የለውም።

ሻንቆ ሰላም ብሎሃል። ድንበሩን ያሻገረህ ሻንቆ። ሰሞኑን ሻይ ጋብዞኝ ነበር። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ስንለያይ የጸለይንልህ ጸሎት አሁንም ከደጅህ አይጥፋ።

ኤልሳዕ


ደቡብ አፍሪካ፣ ጥር 30 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤልሳዕ፤

የማያንቀላፋው ጠባቂ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው።

ዲስኩን ገዝቼ በቢያድግልኝ እጅ ልኬዋለሁ። የቦዲቲ ልጅ ነው፣ ለእህቱ ሠርግ እየመጣ ነው። ሲመለስ ዳታውን ስጠው፤ ክዳኑን በላስቲክ እሰረው፣ እንዳይፈስበት። እኔ ፊልሙን ገና አላየሁትም።

እናቴን አንድ ነገር በልልኝ። ፎቶውን ወደ ጓዳ ብታደርገው ይሻላል። በሩ ጋ ከሆነ ፀሐይ ያበላሸዋል።

ስትጽፍልኝ ትልልቁን ዜና ተወው። ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ድረስ ማን ደጁ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የማን በረንዳ ሥር እንደሚጠለል ጻፍልኝ። እዚህ እንደ ልብ ወጥቼ አልሄድም፤ ሥራው ይዞኝ ነው።

ስለ ሻንቆ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ።

የእናቴን ጉልበት ሳምልኝ።

ታምራት


ሶዶ፣ መጋቢት 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተወደድከው ለታምራት፤

በጎደለብህ ሁሉ የሚሞላ አምላክ ሰላሙን ያብዛልህ። ዲስኩ ደርሶኛል፤ ዳታውም በቢያድግልኝ እጅ ሄዷል። ፎቶውን ወደ ጓዳ አድርጊው ስላት እናትህ "ልጄን ጓዳ ልክተተው?" ብላ ተቆጣችኝ። መጋረጃ ሠርታለታለች፤ ፀሐይ ሲሆን ትጋርደዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትገልጠዋለች።

ከመናኸሪያው ልጀምርልህ። ጫማ ጠጋኙ እዚያው ነው፣ ጥርሱ ብቻ ቀንሷል። ጨርቅ ሻጯ ብርነሽ ሱቋን ቀለም ቀብታ ደጇ ላይ መቀመጥ ከልክላለች፤ ሰው ግን ይቀመጣል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም የተድላ ቪዲዮ ቤት በረንዳ ሥር ነው። ተድላም "ከገባችሁ በነፃ አይደለም" ይላል።

አሁን ፊልሙን ልንገርህ። ታምራት፣ አቃጥለውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፊቱ የማይታይ ሰው ቤት ይሠራል። ቤቱን የሠራው በመጀመሪያው ክፍል ሰንጣቂው እያለፈ ካፈረሳቸው ግድግዳዎች ፍርስራሽ ነው። ይሄን ሐሳብ አልዋሽህም፣ ወድጄዋለሁ፤ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ግን ሰንጣቂው የጠፋ ሕፃን ፍለጋ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳውም ይይዘዋል። እንደ ጭቃ ነው የሚይዘው። እኩሌታው ፊልም ጨለማ ነው። ቤቱ ይተነፍሳል፣ ኮሪደሩ ይረዝማል፣ ያዳናቸው ሰዎች ድምፅ ከጣሪያ ይጠራዋል። እኛ በጡጫና በበረራ የለመድነው ሰው ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ እጁ ብቻ ከግድግዳው ይወጣና ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ያልቃል። በቃ። ስም ዝርዝር ይመጣል።

አስፈሪ ፊልም አልጠላም። ግን ማስፈራራት ከፈለጉ ሌላ ሰው ይውሰዱ፣ የኛን ሰው ይልቀቁልን። የንስርን ክንፍ ቆርጠህ "አያችሁ፣ አይበርም" ብትል ብልሃት ነው?  አንድ ሽማግሌ "ይሄ ጀግና ነው እስረኛ?" ብለው ጠየቁኝ። ተድላ ደግሞ "ሰው ጨለማ ሊያይ ይከፍለኛል? መብራት ሲጠፋ በነፃ ያየው የለም ወይ?" ብሎ አሾፈብኝ።

ጣጣው ግን በኋላ መጣ። ቤቱ ደግሞ ይናገራል። "እኔ ቤቱ ነኝ። ከእኔ የወጣ የለም" ይላል። እኔ እንደ ልማዴ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ በ"እኔ" ተረጎምኩታ፣ በወፍራም ድምፅ፣ በማይክ። በዚያ ሰዓት መዘምራኑ ከልምምድ ወጥተው በቪዲዮ ቤቱ ቆርቆሮ በኩል ያልፋሉ። ኤልሳዕ ማይክ ይዞ "ከእኔ የወጣ የለም" እያለ ሰሙት።

ጋሽ ቦልቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋር ጠሩኝ።

"እንዲህ ብለሃል?"

"ቤቱ ነው ያለው፣ ጋሽ ቦልቴ።"

"በማን አፍ?"

"በእኔ።"

"እንግዲያውስ።"

እስኪጸለይብኝ ድረስ ከማስተርጎም ታግጃለሁ። እሑድ ሌላ ልጅ ሰባኪው ጎን ቆሞ ሲሳሳት እሰማለሁ።

ስለዚህ ልቤ ተነሥቷል። ሻንቆ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በኋላ መኪና አለ ብሏል። አባቴ የባሕር ዛፉን መሬት ሊሸጥልኝ ተስማምቷል፤ ወገቡን ይዞ "እንደ ታምራት ከሆንክ ይበቃኛል" አለኝ። ሁለት ነገር ቁርጡን ንገረኝ። አንደኛ፣ ስለ ፊልሙ ምን ትላለህ? ሁለተኛ፣ ልምጣ ወይስ ልቅር?

እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ።

ኤልሳዕ


ሶዶ፣ ሰኔ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለታምራት፤

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤዬ ሳይደርስህ ቀርቶ ይሆን? ለመሬቱ ገዢ መጥቷል። አባቴ እያንዳንዱን ዛፍ እየዳሰሰ ዞረ። ሻንቆ ባገኘኝ ቁጥር "ታምራት ምን አለ?" ይላል፤ አንተ ካልክ ሌሎቹም ልጆች ይከተላሉ፣ ሁሉም አንተን ነው የሚያየው። ረጅም አልለምንህም። "ና" ወይም "ቅር" በለኝ።

ኤልሳዕ


ደቡብ አፍሪካ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤልሳዕ፤

ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ መንገድ ይሰውርህ። አባትህን ወገቡን በዘይት እሹልኝ።

ፊልሙን አየሁት። ትንሽ ቴሌቪዥን አለችኝ። ድምፁን ቀንሼ ነው ያየሁት፤ ድምፅ ከበዛ የውጭውን አልሰማም። ኤልሳዕ፣ ተሳስተሃል። የመጀመሪያው ተረት ነው፣ እውነቱ ሁለተኛው ነው። ግድግዳ የሚሰነጥቅ ሰው አንድ ቀን የማይሰነጠቅ አይገጥመውም? ፊልሙን የሠራው ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ከሁሉ የወደድኩት መሐል ላይ ያለውን ነው። አንተ አልጻፍክልኝም፣ እንዴት እንዳለፍከው ገረመኝ። ሰውዬው በብረት ፍርግርግ የታጠረ ክፍል ውስጥ ነው። ፍርግርጉ ላይ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ሰዎች ይመጣሉ፣ ፊታቸውን አያየውም፣ እጃቸው ብቻ ይገባል። ዳቦ ይሰጣል፣ ሻማ ይሰጣል፣ እጁ ይወጣል። እየቆየ ሰውን በጥፍሩ ያውቃል። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም በአንድ ስም ይጠሩታል፣ ከመንገድ ማዶ እንደሱ ፍርግርግ ውስጥ ያለውንም ሰው በዚያው ስም ነው የሚጠሩት። ሲደክመው የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ላይ ይተኛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እግር ሲሆን እንዴት እንደሚሰማ፣ ድንጋይ ሲሆን እንዴት እንደሚሰማ ለይቶ ያውቃል። ማዶ ያለውን ሰው አንድ ጠዋት ይጠብቀዋል፤ ፍርግርጉ አይከፈትም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ከፍቶት ያያል፤ ሰዎቹ ያንንም በዚያው ስም ይጠሩታል።

ያስፈራኝ ግን ይሄ አይደለም። ያስፈራኝ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ስለ ፊልሙ የጠየቅከኝን መለስኩልህ።

የእናቴ ዳታ ደርሶኛል። እየቆጠብኩ ነው የምበላው።

ታምራት


ሶዶ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተወደድከው ለታምራት፤

ጌታ ከአጠገብህ አይራቅ፤ ሰው ቢርቅም።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ መጀመሪያ የተናደድኩት እንደ ፊልም ወዳጅ ነው። ያንን ቦታ እኔ አልፌዋለሁ? ይሄን ፊልም ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ እያንዳንዱን ቃል በአፌ ብዬዋለሁ። ተድላን ለምኜ ቪዲዮ ቤቱ ሳይከፈት ለብቻችን አየነው። ፍርግርግ የለም። እጅ የምትገባበት ቀዳዳ የለም። ማዶ ያለ ሰው የለም። ተድላ "ያንተ ዘመድ ሙሉውን አግኝቶ ይሆናል፣ ለኛ የደረሰው የተቆረጠ ነው" አለኝ። እኔም አመንኩ፤ ማመን ደስ ይላል።

ከዚያ ዳታው መድረሱን ልነግራት እናትህ ጋ ሄድኩ። መጋረጃውን ገለጠችልኝ። ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁላችንም የምናየው ማቀዝቀዣውን ነው፤ ስለ ትልቅነቱ፣ ስለ ቀይነቱ ነው የምናወራው። ከኋላህ ያለውን ፍርግርግ ማንም አይቶት አያውቅም። እኔ የመስኮት ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ቀዳዳዋ ከትከሻህ ጎን ናት። አንዲት እጅ ትበቃታለች።

አልጠይቅህም። ስለ ፊልሙ ብቻ መልስልኝ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ከሆነ፣ ሰውዬው ለምን አይከፍትም?

የመሬቱ ገዢ ቀብድ ይዞ ሊመጣ ነው። አባቴን "ትንሽ ይቆይ" ብዬዋለሁ።

ኤልሳዕ


ደቡብ አፍሪካ፣ መስከረም 11 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለኤልሳዕ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት፣ ለመጪውም ጊፋታ አደረሰህ። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ነው የምጽፍልህ፤ ይሄኛውን ላዘገየው አልፈለግሁም።

ስለ ፊልሙ ብቻ ልመልስልህ። ሰውዬው ከፍቶ ቢወጣ የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እናቱ ቤት። እዚያ ደግሞ በሩ ፊት ለፊት ሌላ ሰው ተሰቅሏል። መልኩ የሱ ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው። እንግዳው ሁሉ የሚያውቀው ያንን ነው። ይሄኛው ከረጢት አንጠልጥሎ ቢገባ ማነህ አይሉትም? ሁለቱን አንድ ቤት አይችላቸውም። ለዚህ ነው የማይከፍተው።

ሦስተኛው ክፍል ከተሠራ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳያስገቡ። አንድ ይበቃል። መሬቱን የሚያስሸጥ ፊልም አይደለም።

ለእናቴ አትንገራት።

ታምራት


ሶዶ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታምራት፤

ደጅህን የሚያንኳኳው ሁሉ የሰላም ይሁን።

ጊፋታ አለፈ፤ ሥጋውን ተካፈልን፣ ያንተም ድርሻ በስምህ ተቀመጠና ጎረቤት በላው። ባሕር ዛፉ እንደቆመ ነው። አባቴን "አልሄድም" ስለው ዛፎቹን ሊያይ ወጣ።

የሻንቆ መኪና በማግስቱ ሊነሣ፣ ተድላ ሰንጣቂውን ለመጨረሻ ጊዜ አሳየ። የሚሄዱት አምስቱ ልጆች ቦርሳቸውን ገዝተው አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ግድግዳው ሰውዬውን ሲይዘው ተድላን ድምፁን ቀንስልኝ አልኩት። ያንተን ቦታ ጨመርኩበት። ፍርግርጉን፣ እጆቹን፣ ዱቄቱን፣ ማዶ ያለውን ሰው፣ ሁሉንም። ሲያስተረጉሙ መጨመር ነውር እንደሆነ ታውቃለህ፤ እኔ ግን በማይክ "ዳቦ እሰጣለሁ፣ ሻማ እሰጣለሁ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው" አልኩ። ከአግዳሚው አንዱ "ቁልፉ ካለው ምን ሆኖ ነው የማይወጣው?" አለ። ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ከአምስቱ ሁለቱ አልሄዱም። ሦስቱ ሄደዋል። ሻንቆ አሁን ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

እኔ ቤሌ ከተማ በጊዜያዊነት አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ። አውቶቡሱን ስጠብቅ ቤሌም እንደ ፊልሙ ያለ ቤት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥቼ ወደ ሶዶ የምመለስበት ቤት ነው። ጋሽ ቦልቴ ገና እየጸለዩብኝ ናቸው።

ለእናትህ አልነገርኳትም። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ግን ከቀሩት ልጆች አንዱ የአጥር ጎረቤቷ ነው፤ ለምን እንደቀረ ለእናቱ አውርቷል፣ ወሬው በአጥር ዘሏል። አስጠራችኝ።

"ቪዲዮ ቤት ያወራኸውን ሰውዬ ንገረኝ" አለች።

"ፊልም ነው እኮ፣ አክስቴ።"

"ፊልም መሆኑን አውቃለሁ። ምን ይበላል?"

"ዳቦ ይመስለኛል።"

"በባዶው?"

"ዳታ አለው። አንድ ጠርሙስ። እየቆጠበ ነው።"

 በርጩማ አምጣልኝ አለችኝ። እኔ ልውጣ ብላት እንቢ ብላ ራሷ ወጣችና መጋረጃውን ገፈፈች፣ ፎቶውን አወረደች። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠርጋ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። "ጓዳ አድርጊው ብሎ ነበር፤ አልሰማሁትም" አለች። ግድግዳው ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ምስማሩን ልነቅል ፒንሳ አነሣሁ። እጄን ያዘችኝ።

"ተወው" አለች። "ሲመጣ ኮቱን የት ይሰቅላል?"

ኤልሳዕ